«በርታ» ብለን አለፍን



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቪዲዮ ጌም ነው። «ይህ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት ብንጠየቅ እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን ስለ አንድ እጅግ ከባድ ጌም ተጫዋቾቹ ያደረጉት ክርክር፣ የወደቀ ወንድም ሲገጥመን ምን እንደምንለው ራሳችንን እንድንመረምር አስገደደን። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ረቡዕ ማታ ነው። የቤት ኅብረታችን ተሰብስቦ ጸሎት ልንጀምር ስንል የባለቤቶቹ ልጅ ከክፍሉ ሆኖ ጮኸ። እናቱ ደንግጣ ሮጠች፤ ከእኛም ሁለት ሦስታችን ተከተልናት። ልጁ ደኅና ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ በመካከሉ በቀይ ፊደል «ሞተሃል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይታያል።

«ስንተኛህ ነው?» አልነው።

«አርባ ምናምነኛ።»

«ታዲያ ለምን አትተወውም?»

«አሁን እኮ ልደርስባት ነው» አለን፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ሳቅን፤ ተመልሰንም ጸለይን። በዚያው ምሽት የሆነ ሌላም ነገር አለ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን ልጁ የነገረንንና እኛም ጠይቀን የተረዳነውን እንንገራችሁ።

ጌሙ ምንድን ነው?

ልጁ የሚጫወተው ኤልደን ሪንግ የሚባለውን ጌም ነው። ፍሮም ሶፍትዌር የተባለ የጃፓን ድርጅት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ያወጣው ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ዘ ጌም አዋርድስ» በተባለው ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሏል። በአንድ ዓመት ውስጥም ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል። የሥራው መሪ ሂደታካ ሚያዛኪ ይባላል።

እንዲህ ያሉት ጌሞች «ሶልስላይክ» ይባላሉ። ስሙ የመጣው ይኸው ሰው በ2009 ካወጣው ዴመንስ ሶልስ እና በ2011 ካወጣው ዳርክ ሶልስ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት በክብደታቸው ነው። ተጫዋቹ ጠላት በገደለ ቁጥር ጥቂት ሀብት ያገኛል፤ በእርሱም ጉልበቱን ያሳድጋል። ከሞተ ግን የያዘው ሁሉ በሞተበት ቦታ ይወድቃል። ተመልሶ ካነሣው የእርሱ ነው። እዚያ ሳይደርስ ዳግመኛ ከሞተ ግን የፊተኛው እስከ ወዲያኛው ጠፋ ማለት ነው። በእነዚህ ጌሞች ውስጥ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ተብሎ የሚመረጥበት ቦታ የለም። ጎበዙም ደካማውም በአንድ በር ይገባል።

ዴመንስ ሶልስ ሲወጣ ብዙ ሰው አልተቀበለውም ነበር። ሽያጩ ቀዝቃዛ ነበር፤ በጃፓን ያሳተመው ሶኒ እንኳ በምዕራቡ ዓለም ሊያወጣው ስላልፈለገ በሰሜን አሜሪካ ያሳተመው ሌላ ድርጅት ነው። ዝናው ያደገው ከተጫዋች ወደ ተጫዋች በተላለፈ ወሬ ነው። «እዚያ ጋ እኔም ተሸንፌ ነበር፤ በዚህ በኩል ብትሄድ ታልፋለህ» የሚባባሉ ሰዎች በዙ። ክብደቱ የሚያባርራቸው መስሎ የነበረው ሰዎች፣ ክብደቱን አብረው ሲያወሩት ወደዱት።

ተጫዋቾቹ የተከፋፈሉበት ጊዜ

በጁን 21፣ 2024 ለኤልደን ሪንግ ሻዶው ኦፍ ዘ ኧርድትሪ የተባለ ተጨማሪ ክፍል ወጣ። በሦስት ቀን ውስጥ 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ስለ ጌም የሚጽፉ ባለሙያዎች አወደሱት፤ የሰጡት ነጥብ በአማካይ ከ100 ከ90 በላይ ነበር። ገዝተው የተጫወቱት ሰዎች ግን ተከፋፈሉ። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ የገዢዎች ድምፅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «የተደባለቀ» የሚል ሆኖ ታየ። አንዱ ቅሬታ ጌሙ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ እየተንቀረፈፈ መሥራቱ ነበር። ሌላውና ብዙ ያነጋገረው ቅሬታ ደግሞ «ከልክ በላይ ከባድ ነው» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እነዚህ ቅሬታ አቅራቢዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። ወደ አዲሱ ክፍል ለመግባት በዋናው ጌም ውስጥ ያሉ ሁለት ታላላቅ ቦሶችን ማሸነፍ ግዴታ ነው። ስለዚህ «አልቻልንም» ያሉት ቀድሞ የቻሉ ሰዎች ናቸው። ትናንት ያሸነፈ ዛሬ ሊሸነፍ እንደሚችል እኛ ክርስቲያኖች ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባን ነበር።

ክርክሩ በሁለት ወገን ቆመ። አንደኛው ወገን «አቅልሉልን» አለ። ከእነርሱ መካከል ከሥራ ደክመው ገብተው አንድ ሰዓት ብቻ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ እጃቸው እንደ ልብ የማይታዘዝላቸው አካል ጉዳተኞችም አሉ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ2019 ያው ድርጅት ሴኪሮ የተባለውን ጌም ሲያወጣም በብርቱ ተነሥቶ ነበር። ሌሎች ሠሪዎች ጥያቄውን ሰምተዋል። ላይስ ኦፍ ፒ የተባለው የኮሪያ ጌም በ2023 ሲወጣ የክብደት ምርጫ አልነበረውም፤ በ2025 ግን ቀለል ያሉ ምርጫዎች ተጨምረውለታል።

ሁለተኛው ወገን መልሱ አጭር ነው፤ «ጊት ገድ» ይላል። ሆን ተብሎ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው፤ «ጎበዝ ሁን» እንደ ማለት። አንዱ «አርባ ጊዜ ሞትኩ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «ጎበዝ ሁን» ብሎት ያልፋል። በቀልድ የሚጠቀሙበት አሉ፤ ለማበረታታት የሚሉትም አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ትርጉሙ «ችግሩ አንተው ነህ፤ እኛ ጋ አትድረስ» ነው።

እንደ እኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። «አይቅለል» የሚሉት፣ ክብደቱ ቢወገድ ደስታውም አብሮ እንደሚወገድ ያውቃሉ። ያ ልጅ አርባ ጊዜ የተመለሰው ነገሩ ዋጋ ስላለው ነው፤ በአንድ ምት የምትወድቅ ቢሆን ኖሮ ስሟንም አያስታውስም። «አቅልሉልን» የሚሉትም፣ ለሁሉም እኩል የሆነ በር ለሁሉም እኩል እንደማይከብድ ያውቃሉ። እኛን ያስደነቀን ግን ሁለቱም ወገኖች በጩኸታቸው መካከል የዘነጉት ሦስተኛ ነገር ነው።

ሠሪው አስቀድሞ ያስቀመጠው እርዳታ

በአዲሱ ክፍል ውስጥ ተጫዋቹን የሚያበረታ አንድ ነገር ተዘጋጅቷል፤ በጌሙ ቋንቋ «በረከት» ይባላል። በምድሩ ሁሉ የተበተኑ ቁርጥራጮች አሉ። ተጫዋቹ እየዞረ ይሰበስባቸዋል፤ ከዚያም «ጸጋ» በተባለው የማረፊያ ስፍራ ተቀምጦ በረከቱን ደረጃ በደረጃ እስከ 20 ያሳድጋል። (ስሞቹ የእኛን ቃላት ይምሰሉ እንጂ ነገሩ የጌሙ ፈጠራ ነው፤ አናደባልቅም።) በረከቱ ባደገ መጠን ጠላት የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል፤ የተጫዋቹም ምት ይበረታል።

ታዲያ «ከልክ በላይ ከባድ ነው» ካሉት ብዙዎቹ ቁርጥራጮቹን ሳይሰበስቡ በቀጥታ ወደ ቦሱ በር የሮጡ ነበሩ። አሳታሚው «በረከቱን አሳድጉ» ብሎ ተጫዋቾቹን እስከ ማስታወስ ደረሰ። ሳምንት ሳይሞላም ሠሪዎቹ ማስተካከያ አወጡ። ያንን ማስተካከያ ስንረዳ ተገረምን። ቦሶቹን አላደከሙም፤ ይልቁንም በረከቱ ገና ከመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ጀምሮ አብልጦ እንዲያበረታ አደረጉ። ኋላ በሴፕቴምበር የመጨረሻውን ቦስ ጥቂት እንዳቀለሉት እውነት ነው። የመጀመሪያ መልሳቸው ግን ጦርነቱን ማቅለል አልነበረም፤ ገና ለሚጀምረው ሰው እርዳታውን ማቅረብ ነበር።

ሌላም እርዳታ አለ። ተጫዋቹ አብረውት የሚዋጉ መንፈሶችን መጥራት ይችላል፤ በኢንተርኔት በኩል ደግሞ በሌላ አገር ያለ እውነተኛ ሰው ገብቶ እንዲያግዘው መጥራት ይችላል። ይህን ሁሉ ያዘጋጀው ያው ጌሙን ያከበደው ሰው ነው። ይሁን እንጂ በተጫዋቾቹ መካከል «ረዳት ጠርቶ ያሸነፈ አላሸነፈም» የሚል አባባል አለ። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ በተሰጠው እርዳታ ላለመጠቀም ይምላል፤ ከዚያም ከበደኝ ብሎ ያማርራል። ሌላው በእርዳታው ይጠቀምና ይደብቃል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁን «ያቺን ነገር አሸነፍካት?» ብለን ስንጠይቀው «አዎ» አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ሰው ጠርቼ ነው» አለን። እንዳፈረ ያስታውቅ ነበር።

የሶርያው ንዕማን ትዝ አለን። የተነገረው ነገር ቀላል ስለሆነበት ተቆጥቶ ሊመለስ የነበረ ሰው ነው። ከባድ ነገር ቢታዘዝ ያደርገው እንደ ነበር የነገሩት አገልጋዮቹ ናቸው። ሰው ከባዱን አይጠላም ማለት ነው። የሚከብደው በሌላ እጅ መታገዝ ነው።

ማሰሮ የደፋው ሰው

ልጁ አርባ ጊዜ የሞተባት ቦስ ማሌኒያ ትባላለች። በዋናው ጌም ካሉት ሁሉ ከባዷ እርሷ ናት የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ተጫዋቹን በመታችው ቁጥር የራሷ ቁስል ይሽራል። ጌሙ በወጣበት በ2022 ታዲያ በእርሷ በር ላይ አንድ እንግዳ ሰው መታየት ጀመረ። ጋሻና ጦር የለበሰ አይደለም፤ ገላው ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል፤ በራስ ቁር ፋንታ ማሰሮ ደፍቷል፤ በሁለት እጁ ሁለት ሰይፍ ይዟል። ለራሱ ያወጣው የእንግሊዝኛ ስም «ተዉልኝ፤ እርሷን ብቻዬን ልግጠማት» እንደ ማለት ነው። ያቃተው ሰው ይጠራዋል፤ እርሱም ገብቶ ይዋጋለታል፤ ከዚያም ይሄዳል። እንዲህ እያደረገ ለማያውቃቸው ሰዎች ሺህ ጊዜ አሸነፈላቸው። የጌሙ አሳታሚ በዚያው ዓመት እውነተኛ ሰይፍ አሠርቶ ሸለመው።

ይህን ያህል ችሎታ ያለው ሰው «ጎበዝ ሁኑ» ብሎ ቢሰድብ የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን ደጋግሞ ተሸንፎ የተማረውን ችሎታ ይዞ፣ ሌሎች በሚወድቁበት በር ላይ ሄዶ ቆመ። በዚህ ጌም ታሪክ ውስጥ ብዙ ጎበዞች አሉ፤ ተጫዋቾቹ በፍቅር የሚያነሡት ግን እርሱን ነው።

እንዲህ ዓይነቱ መተጋገዝ በጌሙ ውስጥ እንዴት ገባ? ሚያዛኪ ራሱ በአንድ ቃለ ምልልስ ተናግሮታል። አንድ ጊዜ ብዙ በረዶ ወርዶ ሳለ ዳገት ላይ መኪኖች ይንሸራተቱና ይቆማሉ፤ የእርሱም መኪና ከእነርሱ አንዷ ናት። ከኋላ ያለው መኪና የፊተኛውን እየገፋ ማውጣት ጀመረ፤ እንዲህ እየተገፋፉ ሁሉም ወጡ። የእርሱም ተራ ደርሶ ገፍተው አወጡት። ቆሞ «አመሰግናለሁ» እንዳይል፣ ከቆመ እንደገና ሊይዘው ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ሄደ፤ ቤቱ እስኪደርስ ግን ያሳሰበው የሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበረው ሰው ነው። እርሱንስ ማን ገፋው? ቤቱ ደርሶ ይሆን? ከዚህ ሐሳብ ነው በጌሙ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች መጥተው ተጋግዘው የሚለያዩበት መንገድ የተወለደው።

ዳገቱን ማንም አላስተካከለውም፤ በረዶውንም ማንም አላቆመውም። ሰዎቹ ቤታቸው የገቡት ከኋላ የሚገፋ ስላገኙ ነው።

የእኛ «ጊት ገድ»

አሁን ወደዚያ ረቡዕ ማታ እንመለስ። ከጸሎት በኋላ፣ ሻይ እየቀረበ ሳለ፣ አንድ ወንድማችን መናገር እፈልጋለሁ አለ። ወደ መጠጥ ተመልሶ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ነው። (ይህን የምንጽፈው ፈቅዶልን ነው፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን አንጽፍም።) ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዳችን «በርታ ወንድሜ፤ ጌታ ታማኝ ነው» አልን። ሌላችን «አዎ፣ በርታ፤ እንጸልይልሃለን» አልን። አንዳንዶቻችን ትከሻውን መታ መታ አደረግን። እህቶች «አይዞህ» አሉት። ከዚያ ሰዓቱ መሽቶ ስለ ነበር ጫማችንን አጥልቀን ወደየቤታችን ሄድን።

በቀጣዩ ረቡዕ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

የተወደዳችሁ፣ «በርታ» መልካም ቃል ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ እግዚአብሔር ሰዎችን ሲያበረታ እናያለን። ነገር ግን እግዚአብሔር ኢያሱን ሲያበረታው አብሮት እንደሚሆንም ነግሮታል። እኛ ሁለተኛውን ትተን የመጀመሪያውን ብቻ ይዘናል። አብሮ መሆን የሌለበት «በርታ» ከ«ጊት ገድ» በምን ይለያል? በትሕትና መነገሩ ካልሆነ በቀር፣ ለወደቀው ሰው ትርጉሙ አንድ ነው፤ «ይህ ያንተ ጦርነት ነው፤ ስታሸንፍ ተመለስና ምስክርነትህን እንሰማለን»።

ደግሞም አስቡት፤ በየጉባኤው ምስክርነት የሚሰጠው ማን ነው? ያለፈው፣ የተፈታው፣ ያሸነፈው ነው። ይህ መልካም ነው፤ ጌታ ይመስገን። ነገር ግን አርባኛው ሙከራ ላይ ያለው ወንድም የት ይናገር? ቢናገርስ ከ«በርታ» ሌላ ምን ያገኛል? አንዳንዱ ያንን ስለሚያውቅ ይደብቃል። ወደ አማካሪ የሄደች እህት፣ ወደ ሕክምና የሄደ ወንድም፣ በየምሽቱ ለሰው ስልክ እየደወለ ከኃጢአት የሚጠበቅ ጎረምሳ፣ «ግን ሰው ጠርቼ ነው» እንዳለው ልጅ ያፍራሉ። እርዳታ መጥራታቸውን የእምነት ጉድለት ያስመሰልንባቸው እኛ ነን።

በዘጸአት መጽሐፍ ኢያሱ ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ የሙሴ እጆች ከበዱ። አሮንና ሖር በዚያ ነበሩ። ከታች ሆነው «በርታ ሙሴ» ማለት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን መጀመሪያ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ ከዚያ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እጆቹን ያዙ። ጦርነቱ እንደ ቀለለ አልተጻፈም። የሙሴ እጅ እንደማይደክም ሆኖ እንደ ተለወጠም አልተጻፈም። የተጻፈው በሌሎች እጅ እንደ ተደገፈ ነው። ማንም ደግሞ «ሙሴ ሰው ጠርቶ ነው» አላለም።

አገራችንም ይህን ታውቃለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ?

ቅድስናው ይቅለል ወይ?

እዚህ ላይ የሚሰጋ ሰው ሊኖር ይችላል። «እንዲህ ስትሉ ኃጢአትን ማቃለል አይሆንባችሁም?» የሚል። ስጋቱ ትክክል ነው። በዘመናችን «አቅልሉልን» የሚለው ጩኸት በቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ጠባቡ በር ይስፋ፣ መስቀሉ ይቅር የሚል። እኛ ያንን አንልም። መጠጥ ለዚያ ወንድማችን ሞት ነው፤ «ምንም አይደለም» ብንለው ጠላቱ ነን። በሩ ባለበት ይኑር። የምንለው በሩ ላይ ስለሚቆመው ሰው ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ተሳሳተ ወንድም መንፈሳውያን ለሆኑት የሰጠው ሥራ በየውሃት እንዲያቀኑት ነው፤ ራሳቸውንም እንዲጠብቁ አስጠንቅቋቸዋል። የበረታ ሰው ብርታቱ የተሰጠው የደከመውን ለማቅናት ነው ማለት ነው።

ምሳሌውም የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እርሱንም መናገር አለብን። በጌሙ ሕግ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው የፊተኛውን ያጣል፤ ተመልሶም አያገኘውም። የጌታችን መንገድ እንዲህ አይደለም። ጴጥሮስ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታ ግን በባሕሩ ዳር እሳት አንድዶ፣ ዓሣ አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ ሦስት ጊዜም ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ደግሞ በጌሙ ውስጥ የመጨረሻው ድል የተጫዋቹ ነው። የእኛ መዳን ግን ከእኛ ችሎታና ከእርዳታ ተደምሮ የሚገኝ ውጤት አይደለም፤ ክርስቶስ ጨርሶታል። እኛ የምንረዳዳው ለመዳን አይደለም፤ ስለዳንን ነው።

ወላጆችም ይህን ጽሑፍ የጌም ማስታወቂያ አድርገው እንዳይወስዱት እንለምናለን። ኤልደን ሪንግ በአሜሪካ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ በአውሮፓ ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተመደበ ነው። ደም፣ አስፈሪ ምስልና የፈጠራ አማልክት የሞሉበት ነው። ጊዜም ይበላል። የልጆቻችሁን ዕድሜ አይታችሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ የሚያዩትን አይታችሁ ወስኑ። በሩን ዘግቶ ከሚጮኸው ልጅ አጠገብ መቀመጥም አንዱ የመደገፍ መንገድ ነው።

ምን እናድርግ?

ለሦስት ረቡዕ የወንድማችን ወንበር ባዶ ከሆነ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሆነን ቤቱ ሄድን። በሩን ሲከፍት ደነገጠ። ቡና አፍልቶ አጠጣን። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «በርታ ስትሉኝ ብቻዬን እንደ ተዋችሁኝ ነው የገባኝ» አለን። ልንከራከረው አልቻልንም። ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያ መጠየቅ የነበረብንን ጥያቄ ጠየቅን፤ «የሚከብድህ መቼ ነው?» አልነው። «ዓርብ ማታ፣ ከሥራ ስወጣ» አለ። ሦስት ጊዜ ሲወድቅ አብረነው ነበርን፤ ቀኑን እንኳ አናውቅም ነበር።

አሁን ዓርብ ማታ አንዳችን በተራ ከሥራ ቦታው በር እንቀበለዋለን። አብረን እንሄዳለን፤ እራት እንበላለን፤ አንዳንድ ጊዜ እንጸልያለን፤ አንዳንድ ጊዜ ስለ ኳስ ብቻ አውርተን እንለያያለን። ሐኪምም እንዲያይ ቀጠሮ ይዘንለታል፤ በዚያ እንዳያፍር አብረነው ሄደናል። ወደ ረቡዕ ኅብረታችን ተመልሷል። በመካከል አንድ ዓርብ ተራ የነበረው ወንድም ሥራ ይዞት ቀረ፤ ያን ቀን ወደቀ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሱ ደወለልን። ከዚህ በፊት ደውሎ አያውቅም ነበር።

እናንተስ? በኅብረታችሁ ውስጥ «በርታ» ያላችሁት ሰው ማን ነው? ስሙን አስቡ። የሚከብደው ቀን መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ በዚህ ሳምንት ጠይቁት። ደግሞ አንተ፣ በጌታ ረድኤት ከአንድ ነገር ያለፍክ ወንድም፣ ያለፍክበትን በር ታውቀዋለህ፤ ዛሬ በዚያ በር ላይ የሚወድቅ ሰው አለ። ምስክርነትህን መናገር መልካም ነው፤ ሄደህ በሩ ላይ ብትቆም ደግሞ ይሻላል።

የወደቅክበትን ደብቀህ ይህን የምታነብ ወንድም፣ የምታነቢ እህት፣ ጥሩ። ያ ልጅ የጠራው ሰው የመጣው ስለ ተጠራ ነው። ረዳት መጥራት ሽንፈት አይደለም። «ብቻዬን ካልሆነ ድል አይደለም» የሚለው ቃል ከጌታ የመጣ አይደለም።

ጌታንም ገና ያላወቃችሁ፣ ቤተ ክርስቲያንን ከሩቅ እያያችሁ «ይህ የብርቱዎች ማኅበር ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» የምትሉ፣ እንዲህ እንድታስቡ ያደረግናችሁ እኛ ከሆንን ይቅር በሉን። የምንከተለው ጌታ ከሩቅ ቆሞ «በርታ» ብሎ የሄደ አይደለም። የወደቅንበት ድረስ ወረደ፤ የማንችለውን ውጊያ ተዋጋልን፤ ቁስሉም በእጁ አለ።

ይህን ከጻፍን በኋላ ዓርብ ነው። ተራው የእኛ ነው።

ጌታ ይርዳን። ተባረኩ።